እማሆይ ለተጊዮርጊስ የመረጧት ቤዝ

መቼም ሰቆጣ ላይ ሁሉ ነገር ቢወደድ ምክር አይወደድም። ጥሩሐረግ ቤዝ ጊታር ልትገዛ ነው የተባለ ዕለት፣ ቤዝ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሁሉ መካሪ ሆኖ ቁጭ አለ። የምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ «ከገዛሽ አይቀር አዲስ ግዢ፤ አሮጌ ዕቃ የሰው ጣጣ ይዞ ነው የሚመጣ» አላት። ደጃፉ ላይ ጫማ የሚያስጠርግ አንድ ጎረምሳ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ከባዱን ምረጪ፣ ከባድ ዕቃ አይሰበርም» ብሎ ጣልቃ ገባ። እናቷ ደግሞ ከጋዝጊብላ ደውላ፣ «በዚያ ሁሉ ብር አንዲት ጊደር ይዘሽ ብትመጪ ምን አለበት ልጄ? ጊደር እኮ ትወልዳለች» አለች። እውነቷን ነው። ቤዝ አይወልድም።

ጥሩሐረግ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ለትምህርት ከጋዝጊብላ መጥታ እዚያው ሰቆጣ ቀረች፤ ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር ትጽፋለች፣ ከሥራ ስትወጣ ወጣት ማዕከል ገብታ የኪነት ቡድኑን ልምምድ ታያለች። መጀመሪያ ዘፋኞቹን ነበር የምታየው። እያደር ግን ዓይኗ ከኋላ ወደቆመው ወደ ቤዝ ተጫዋቹ ወደ ምንዋጋው ሄደ። ዜማውን ጆሮ ይሰማዋል፤ የቤዙን ድምፅ ግን ሆድ ነው የሚሰማው፣ እሱ ሲያቆም ዘፈኑ በሙሉ ባዶ ይሆናል። ይህን ያወቀች ቀን፣ «አስተምረኝ» አለችው። አምስት ወር ሙሉ የራሱን ቤዝ እያዋሰ አስተማራት።

ከፋሲካ በኋላ ምንዋጋው ባሕር ዳር ሥራ አገኘና ቤዙን አንግቶ እልም አለ። የቡድኑ መሪ ሰጠኝ ጥሩሐረግን ጠርቶ፣ «ሰኞ ጠዋት እፈትንሻለሁ። ካለፍሽ ደመወዝ ያለው ቦታ ነው። ግን ቡድኑ ዕቃ የለውም፣ የራስሽን ቤዝ ይዘሽ ነው የምትመጪ» አላትና ለትርዒት ወደ አምደወርቅ ሄደ። እሷም በዓመት ያጠራቀመችውን አሥር ሺህ ብር ያዘች። ከእሷ ጋር የተማሩት አብዛኞቹ በጅቡቲ በኩል አረብ አገር ገብተዋል፣ ሁለቱ ጓደኞቿ ደግሞ፣ «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ፣ ነይ እንጂ» እያሉ ይደውሉላታል። እሷ መቅረት ነው የምትፈልገው። የማይረባ ዕቃ ገዝታ ሰኞ ከወደቀች ግን ብሩም ቦታውም የሉም፣ የሚቀራት ያ መንገድ ብቻ ነው።

ከተማው ውስጥ የሚሸጥ ቤዝ ያለው አንድ ሰው ነው፣ ስልክ ሻጩ ምስክር። ከስልክ ሽፋኖቹ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት ሰቅሏል። አንደኛው ቀይ ነው፤ አዲስ፣ ፊት የሚያሳይ፣ ሲያዩት ልብ የሚሰርቅ። «አሥራ ሁለት ሺህ ነው፣ ላንቺ በአሥር» አላት። ሁለተኛዋ ቡኒ ናት። ወልድያ ከተዘጋ ሙዚቃ ቤት የመጣች፣ ጠርዟ ተፈግፍጎ እንጨቷ የታየ፣ ዋጋዋ ስምንት ሺህ። ጥሩሐረግ ሁለቱንም ሞከረቻቸው። ቀዩ በደንብ ይሰማል። ቡኒዋ ግን ወፍራሙን ክር በመታችው ቁጥር «ዝዝዝ» ትላለች፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ትመስላለች። መብራት ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል።

«መብራት ሲመጣ ቀዩን ማጉያ ላይ ሰክተሽ ብትሰሚው ጉድ ትያለሽ» አላት ምስክር።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ጥሩሐረግ ወጥታ ለምንዋጋው ደወለች። ኔትወርኩ እየቆራረጠ፣ «አንገቱ ቀጥ ማለቱን እዪ... ቀለም እንዳያታልልሽ... ርካሽ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም... ካልሆነልሽ ጆሮ ያለው ሰው ይዘሽ...» አለና ጠፋ። ደጋግማ ብትሞክር እምቢ አላት።

ጆሮ ያለው ሰው! ሰጠኝ አምደወርቅ ነው፣ ፈታኝዋም እሱ ነው። ሌላ ማን አለ? እያሰበች ወደ ቤቷ ስትሄድ ትዝ ያሏት ሰው ራሷን አሳቋት፤ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ናቸውና።

ቤት ያከራዩዋት እማሆይ ለተጊዮርጊስ ናቸው። የበገና ሠሪ ልጅ ናቸው፣ በገና ሲደረድሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ቀኝ ጆሯቸው ጭራሽ ጠፍቷል፣ ግራው ደግሞ ሲጮኹበት ነው የሚሰማ። ታዲያ ባለፈው ሁዳዴ ጥሩሐረግ በግድግዳው በኩል ሌት ተቀን ሰምታቸዋለች፤ አንዲት ጅማት እንኳ ከቅኝቷ ስትወርድ አታውቅም። አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ ብታይ፣ እማሆይ መንጋጋቸውን ከበገናው እንጨት ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቃኛሉ። በአጥንታቸው ነበር የሚሰሙት።

ገባችና እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። በግራ ጆሯቸው በኩል፣ «እማሆይ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለች።

«ምን?»

«አንድ... የሚደረደር ነገር... እንደ በገና ያለ...»

«የዘፈን ዳር ዳርታው እስክስታ ነው። ወደ ነገሩ ግቢ።»

ነገረቻቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ለዘፈን?»

«የባህል ነው እኮ እማሆይ።»

«ሰይጣንም ባህል አለው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ጥሩሐረግ ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች። መነኩሲት ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ከኋላዋ፣ «ስንት ነው የያዝሽ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ተመልሳ በግራ ጆሯቸው በኩል፣ «አሥር ሺህ» አለች።

«ማን ሊመርጥልሽ?»

«ማንም።»

«አሥር ሺህ ብር ይዛ! ዓይኗን ጨፍና!» መቋሚያቸውን አነሡ። «አሁን ዝም ብዬሽ ብትታለዪ ኃጢአቱ የማን ሊሆን ነው? ዘፈኑን አላውቅልሽም። እንጨቱን ግን አየዋለሁ።»

ምስክር እማሆይን ሱቁ ደፍ ላይ ሲያይ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣና ወንበሩን በክንዱ ጠረገ። እሳቸው ተቀመጡ፣ «አምጣቸው» አሉ። ቀዩን ሰጣቸው። ፊቱን እንኳ አላዩትም፤ ገለበጡትና ጀርባውን አዩ። አንገቱን ወደ ዓይናቸው አቅርበው፣ አንዱን ዓይን ጨፍነው፣ ገበሬ ሞፈሩን እንደሚያይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አዞሯቸው። በመጨረሻ መንጋጋቸውን ከእንጨቱ ላይ አሳርፈው አንዱን ክር መቱ፣ ወዲያው ቀና አሉ።

«ይሄ ቀለም ነው።»

«እማሆይ፣ አዲስ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ ምስክር።

«አዲስነቱን አየሁት። አንገቱ ግን እንደተኳረፈ ሰው ወደ ጎን ዞሯል። መቃኛውም ቢያዞሩት ይመለሳል።» ለጥሩሐረግ አቀበሏት። «ነይ፣ በዚህ በኩል እዪ።»

አየች። እውነትም ዞሯል! ሦስት ጊዜ ስታነሣ ስታስቀምጠው የዋለችው ዕቃ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ጠማማ ነበር፤ እሷ መልኩን ብቻ ስታይ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። አሥሩን ሺህ አውጥታ ልትከፍል ትንሽ ነበር የቀራት።

ቡኒዋ ተራዋ ደረሰ። እማሆይ ክሮቿን በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። «አራት ብቻ? የጣት ማረፊያዎቹስ የታሉ?»

ምስክርና ጥሩሐረግ ተያዩ። በገና አሥር ጅማት አለው፣ አሥሩም ግን አይመቱም፤ ገሚሶቹ ጣት መትቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው። እማሆይ ማረፊያ የሌለው መሣሪያ አይተው አያውቁም።

«ይሄ... ማረፊያ የለውም እማሆይ» አለ ምስክር ጮክ ብሎ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል እያፈረ።

«እረፍት የሌላት ምስኪን! ልጄ፣ ትደክሚያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ጥሩሐረግ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። አንገቷን በሞፈር ዓይናቸው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በአንገቷ ላይ የተሰኩትን ብረቶች ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱ፣ ጣት የሚቆርጥ እንዳለ ፈልገው አጡ። አራቱንም ክር ወጠሩና ለምስክር፣ «ውኃ ስጠኝ» አሉ፤ ውኃውን ቀስ ብለው ጠጥተው ሲጨርሱ ተመልሰው ሞከሩ፣ ክሮቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። ውኃው ሰበብ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባት። ቤዟን ጥሩሐረግ ጭን ላይ አስቀምጠው፣ «ጣትሽ እስከዚህ ይደርሳል? ትከሻሽስ?» ብለው እጇን ይዘው ለኩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ በለሆሳስ ያወሯታል፣ ለዕቃዋ ነው። ጥሩሐረግ እጃቸውን ስታይ ደስታና ሐፍረት ተደባለቀባት፤ በአንዲት ግድግዳ እየተለያየች ዓመት ሙሉ የኖረችው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ገብታ «ያሰሙኝ» አላለችም።

በመጨረሻ መንጋጋቸውን አስጠግተው ወፍራሙን ክር መቱ። «ዝዝዝ» አለች ቡኒዋ። የእማሆይ ፊት በራ።

«ነዘረች! ሰማሽ? ይቺ ትናገራለች!»

ምስክር፣ የስልክ ነጋዴም ቢሆን፣ መነኩሲት ፊት መዋሸት አልሆነለትም። «እማሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ መንዘሯ እኮ ጉድለት ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ የሚመልሳት ለዚሁ ነው።»

«ጉድለት? ወግድ! ያልነዘረ በገና ምኑ በገና ነው? አባቴ ከየጅማቱ ሥር ቁራጭ ቆዳ እየወሸቀ ቀን ሙሉ የሚደክመው ይቺን ንዝረት ብሎ ነው። ይቺ ከነንዝረቷ ተፈጥራ መጣችልህ፣ አንተ ጉድለት ትላለህ!»

ጥሩሐረግ አፏን ከፈተች። የምንዋጋው ቤዝ አንድም ቀን እንዲህ ነዝሮ አያውቅም። መናገር ነበረባት፣ ታውቃለች። ግን ያንን አንገት ያየ ዓይን፣ ያንን ውኃ የጠጣ ብልሃት አየችና ምላሷ ታሰረ። ማንን ልመን? አለች በሆዷ። እሳቸውን አመነች።

«አሥር ጅማት ባለበት አገር በአራት ጅማት ስምንት ሺህ?» ብለው እማሆይ ሲነሡበት ምስክር ሳቀና ሰባት አደረገው። የማጉያ ገመዷንና አንዲት ትንሽ መፍቻ መረቀላት።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ስትለማመድ ዋለች። በተጫወተች ቁጥር ንዝረቱ የባሰ መሰላት። እማሆይ ግን አለፍ ገደም እያሉ መዳፋቸውን እንጨቷ ላይ ጣል ያደርጉና፣ «እሰይ» እያሉ ይሄዳሉ።

ሰኞ መብራት መጣ፤ ጥሩሐረግም ቡኒዋን ይዛ ወጣት ማዕከል ገባች። ሰጠኝ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው። ገመዱን ራሱ ሰካላት፣ «በይ» አላት። ወፍራሙን ክር መታች። ንብ የነበረው ነገር ማጉያው ውስጥ ሲያልፍ ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ ሆነ። ከበሮ መቺው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ጥሩሐረግ አላቆመችም፤ የተማረችውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተች፣ ላብ በጀርባዋ እየወረደ። ስትጨርስ ሰጠኝ ራሱን አከከ።

«ጣትሽ ጥሩ ነው። ምት ትጠብቂያለሽ። በዚህ ዕቃ ግን መድረክ ላይ አላወጣሽም። ማን ነው እንዲህ የሸወደሽ?»

አንድ ስም ብትጠራ ይበቃ ነበር። አሮጊት ናቸው፣ ጆሯቸው አይሰማም፣ ምን ያውቃሉ ብትል ማን ይፈርድባታል?

«እኔው ነኝ የመረጥኳት» አለች።

«በይ ለሌላ ጊዜ እንድታውቂ ጉድለቷን ላሳይሽ» ብሎ ቤዟን ተቀበላት። አንገቷን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ገልብጦ አየ፣ እንደገና አቀረበ። መቃኛዎቹን ነካካ፣ ብረቶቹን ዳሰሰ። ያቺን ትንሽ መፍቻ ተቀብሏት ተንበረከከና ክሮቹ የታሰሩበትን ብሎኖች አንድ በአንድ ጥቂት ጥቂት ከፍ አደረጋቸው። ከዚያ ወፍራሙን ክር መታ።

የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ንዝረት የለም፣ አንድ ንጹሕ ጥልቅ ድምፅ ብቻ። ከበሮ መቺው ሳቁን አቆመ።

«በስመ አብ!» አለ ሰጠኝ። ከታች እስከ ላይ እየመታ ሄደ፣ አንድም ቦታ አልከዳችውም። «ምስክር ሱቅ የነበረችው ናት አይደል? እኔም ያንን ንዝረት ሰምቼ ነው ጥያት የሄድኩ። ክሮቹ ዝቅ ብለው ብረት ይነካሉ፣ ሌላ ምንም የላትም! እንዲህ ያለ አንገት በእጥፍ ዋጋ አይገኝም። አንቺ ይህን አላየሽም፣ ጀማሪ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ማነው የመረጠልሽ?»

ነቀፋውን ለራሷ ወስዳው ነበር፣ ምስጋናውን ግን መውሰድ አልቻለችም። «እማሆይ ለተጊዮርጊስ ናቸው።»

«በገና የሚደረድሩት? አይሰሙም ሲባል?»

«በመንጋጋቸው ነው የሚሰሙት።»

ማንም አልሳቀም። ሰጠኝ ጎንበስ ብሎ መንጋጋውን ቡኒዋ ላይ አሳረፈና ክሩን መታ፣ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ቆየ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልምምድ አለ፣ እንዳትዘገዪ» አላት ቀና ሳይል። ካልታዘልኩ አላምን አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ ጥሩሐረግ ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ቤት ስትደርስ እማሆይ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። «አለፍኩ!» ብላ በግራ ጆሯቸው ጮኸች። ሰፌዱን አስቀምጠው ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ተመስገን! በይ አምጫት፣ ላመስግናት።»

መንጋጋቸውን አስጠጉ። ወፍራሙን ክር መቱ። ጠበቁ። ደግመው መቱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምን አገኛት? ዝም አለች። ለወጡብሽ እንዴ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ጥሩሐረግ ግን በአጥንታቸው ለሚሰሙ ሰው ውሸት የት ይደርሳል ብላ ነገረቻቸው፤ ለቤዝ ንዝረት ጉድለት እንደሆነ፣ ሰጠኝ ክሮቹን ከፍ አድርጎ እንዳጠፋው፣ ሁሉንም።

እማሆይ እጃቸውን ከቤዟ ላይ አነሡ። «እንግዲያስ ጉድለቷን ነዋ የመረጥኩልሽ። አዋቂ ነኝ ብዬ ላጠፋሽ ነበር እኮ ልጄ።» ድምፃቸው አንሶ ነበር፣ ጥሩሐረግ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«አያጠፉኝም ነበር» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «አንገቷን ማን አየ? ውኃ እየጠጣ የፈተናት ማን ነው? ሰጠኝ ራሱ ንዝረቷን ሰምቶ ጥሏት ሄዷል። ሰው ሁሉ ንዝረቷን ሰምቶ ጠላት፣ እርስዎ ንዝረቷን ሰምተው ወደዷት። እኔ ጋ የደረሰችው እኮ እርስዎ ስለወደዷት ነው።»

ከእማሆይ በስተኋላ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ በገናው በነጠላ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሳቸው ከሁዳዴ ውጪ አይነኩትም፣ ሁዳዴ ደግሞ ሩቅ ነው። ጥሩሐረግ ያንን አየች። ከኪሷ ትንሿን መፍቻ አወጣችና የወፍራሙን ክር ብሎን ብቻ፣ ሰጠኝ ከፍ ባደረገው ልክ፣ መልሳ ዝቅ አደረገችው። የእማሆይን እጅ ይዛ እንጨቷ ላይ አስቀመጠችና ክሩን መታችው።

«ዝዝዝ» አለች ቡኒዋ።

እማሆይ መንጋጋቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው እንጨቷ ላይ ወረደ፣ አልጠረጉትም። ቆየት ብለው፣ «የነገው ሥራሽስ?» አሉ።

«ጠዋት ከፍ አደርጋታለሁ። ማታ ስመለስ ለእርስዎ ዝቅ አደርጋታለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እኔም ማረፊያ የላትም ብዬ ማዘኔ» አሉ እማሆይ፣ መንጋጋቸውን ሳያነሡ። «ማረፊያዋ እዚህ ኖሯል። በይ ድገሚው።»

ጥሩሐረግ ደገመችው።